በአንድ ግሥ ላይ የተንጠለጠለ በጀት

ሰሞኑን እንቅልፍ ያሳጣኝ አንድ የኢንተርኔት የውይይት ክር አለ። ርዕሱን አይቶ የሚከፍተው ሰው ብዙ አይመስለኝም። የጤና ፖሊሲ ሐሳብ እንዴት ወደ ረቂቅ ሕግ እንደሚቀየርና ወጪው እንዴት እንደሚገመት ነው የሚያወራው። እኔም ጣቴ ስቶ ነው የከፈትኩት። ከዚያ እስከ መልስ 31 ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም። ሰው በግሥ የተነሳ እንዲህ ሲጣላ አይቼ አላውቅም።

እንደ አመጣጡ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። መልሶቹን ቃል በቃል አልገለብጥም። ገሚሶቹ ረጅም ናቸው፤ ገሚሶቹ ደግሞ ቢገለበጡ ጸሐፊያቸውን ያሳፍራሉ።

ክሩን የከፈተው ልጅ ወጣት ባለሙያ ይመስላል። አለቆቹ 12 ገጽ የፖሊሲ ሐሳብ አስይዘውታል። ፍሬ ነገሩ አንድ ነው፦ ነፍሰ ጡሮችና ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በመንግሥት ጤና ተቋማት በነፃ ይታከሙ። እሱ ደግሞ ይህንን በ6 ሳምንት ውስጥ ረቂቅ ሕግ፣ ሐተታ ዘምክንያት (ሕጉ ለምን እንዳስፈለገ የሚያስረዳ ጽሑፍ) እና የወጪ ግምት አድርጎ ማቅረብ አለበት። ጥያቄው፣ ቀድሞ መጀመር ያለበት ማነው? ሕግ አርቃቂው ወይስ ሒሳብ ሠሪው? የራሱንም አቋም አልደበቀም። መጀመሪያ ረቂቁ ተጽፎ ይለቅ፤ ከዚያ ለሒሳብ ሰዎች ይሰጥና ዋጋ ይለጥፉበት ባይ ነው። ሱቅ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ዕቃ ማለት ነው።

መልስ 1 እና 2 ጨዋ ናቸው። ሁለቱም ያመሰግኑታል፣ ሁለቱም ይስማማሉ። መልስ 2 እንዲያውም ሕጉ ሳይኖር ወጪ መገመት ላልተወለደ ልጅ ልብስ እንደ መስፋት ነው ብሎ ነበር። ምስኪን። ኋላ ላይ ይህቺ ምሳሌ ስንት ተቀለደባት! ልብስ የሚዘጋጀው ሳይወለድ ነው ብለው ያረሙት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛዋ አዋላጅ ነኝ ያለች።

መልስ 3 ላይ ዕድሜያቸውን በሕግ ማርቀቅ ያሳለፉ አንድ ሰው ገቡ። አነጋገራቸው የተመጠነ ነው። ስለ ቅደም ተከተሉ ምንም አላሉም። አንቀጹን አሳየን ብቻ ነው ያሉት።

መልስ 4 ላይ ልጁ አንቀጽ 5ን ለጠፈው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ናት። የመጀመሪያዋ፣ ማንኛዋም ነፍሰ ጡር በመንግሥት ጤና ተቋም የእናቶች ጤና አገልግሎት በነፃ ታገኛለች ትላለች። ሁለተኛዋ ወጪውን መንግሥት ይሸፍናል ትላለች። አለቀ። ፖስተር ላይ ብትጻፍ ታምራለች።

መልስ 5 ዕድሜውን በጀት ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። እነዚህን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ይዞ በጥያቄ አፋጠጣቸው። ነፍሰ ጡር መሆኗ በምን ይታወቃል፣ በምርመራ ነው ወይስ በራሷ ቃል? በእርግዝናዋ ጊዜ ወባ ቢይዛት የእናቶች አገልግሎት ነው ወይስ ተራ ሕክምና? ጥርሷን ቢያማትስ? ጽንሱ ቢወርድ መብቷ በዚያው ቀን ያበቃል? ከወለደችስ በኋላ እስከ መቼ ነው? የሆስፒታሉ አልትራሳውንድ ተበላሽቶ ወደ ግል ተቋም ብትላክ ማን ይከፍላል? የአምቡላንሱስ ነገር? ደግሞስ መንግሥት ሲባል የትኛው ነው፣ ማዕከላዊው ወይስ የአካባቢው አስተዳደር? ለእሱ እያንዳንዱ ጥያቄ ኤክሴል ላይ አንድ ዓምድ ነው። ሕጉ ዝም ካለ ዓምዱን የሚሞላው እሱ ነው፣ በራሱ ታሳቢ። ታዲያ ያኔ ሕጉን ማን ጻፈው ይባላል ብሎ ጠየቀና ወጣ።

መልስ 6 ላይ አርቃቂው ተመለሱ። በጥያቄዎቹ ሁሉ ተስማሙና አንድ የራሳቸውን ጨመሩ። የእሳቸው ጉዳይ ግሡ ነው። «ይሸፍናል» ከተባለ መብት ሆነ። አንዲት እናት ተከልክላ ፍርድ ቤት ብትሄድ በጀት አልቋል የሚለው መልስ አያዋጣም። ስለዚህ ሒሳቡ የሚሠራው በመጣው ሰው ልክ ነው። «ሊሸፍን ይችላል» ከተባለ ግን ሥልጣን ነው እንጂ ግዴታ አይደለም። ሕጉ ጸድቆ፣ ተጨብጭቦለት፣ ወጪው ዜሮ ሊሆን ይችላል። «በተፈቀደው በጀት መጠን ይሸፍናል» ከተባለ ደግሞ ወጪው ጣሪያ አገኘ። ግን ጣሪያው በተሞላ ማግስት የምትመጣዋ ሴት ምን ትሆናለች? ይህን የሚመልስ ሌላ አንቀጽ ያስፈልጋል።

ይህን ሳነብ ትንሽ ቆየሁ። በእኛ ቋንቋ ግሡ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። አንባቢ በዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ላይ ልቡ ይሞቃል፤ በእናቶች፣ በሕፃናት፣ በነፃ በሚሉት ቃላት። ገንዘቡ ግን ከነጥቡ አጠገብ፣ ግሡ ጅራት ላይ ተቀምጧል። እዚያ እስኪደርስ ግማሹ ሰው ማንበብ ትቷል።

መልስ 7 የግል ገጠመኝ ነው፤ ለኔ ከክሩ ሁሉ ምርጡ። ጸሐፊዋ የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ አልተናገረችም። አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ረቂቅ መድን ሕግ ጠረጴዛዋ ላይ ተጣለ። ቁጥሩ ሰኞ ጠዋት ይፈለጋል። ቅዳሜና እሑድ ቤቷ ሳትገባ ሠራች። ረቂቁ ቤተሰብ ማለት ባል፣ ሚስትና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው ስለሚል በአባወራ ወደ 4 ሰው አስባ አባዛች። እሑድ ማታ አንድ ሰው ትርጓሜው ውስጥ አራት ቃላት ጨመረ፦ እና ጥገኛ የሆኑ ወላጆች። በቅን ልቦና ነው የጨመረው። ለእሷ የነገራት ግን የለም። ሰኞ ሁለቱ ወረቀቶች በአንድ ክላሰር ታስረው ቀረቡ። ሕጉ አያቶችን ያክማል፣ ግምቱ አያቶችን አያውቃቸውም። ከሁሉ ብዙ ሕክምና የሚያስፈልገው ደግሞ ሽማግሌ ነው። ያገኘው ሰው በዚያ ወር አልነበረም። ያገኘችው ራሷ ናት፣ ከአንድ ዓመት በኋላ፣ መዋጮው አልበቃ ሲል።

ከዚህ በኋላ ለመልስ 1 እና 2 የተረፈላቸው ሰው የለም።

መልስ 8 ነገሩን በወጉ ሊያስረዳ ሞከረ። የአሜሪካ ኮንግረስ የበጀት ቢሮ በ1974 በወጣ ሕግ እንደተቋቋመ፣ ኮሚቴ ላጸደቀው ረቂቅ የወጪ ግምት እንደሚያወጣ፣ ይደገፍ አይደገፍ ግን እንደማይል ጻፈ። ከዚህም ተነስቶ እነሱም ረቂቁ ካለቀ በኋላ ነው የሚገምቱት፤ ስለዚህ ክሩን የከፈተው ልጅ ልክ ነው አለ። መልስ 9 ወዲያው አረመው፣ ግን በትሕትና። የሚታተመው ግምት የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያ በፊት የኮሚቴ ሠራተኞችና የቢሮው ሰዎች ሲመላለሱ ይከርማሉ። ይህን ቁጥር ብንቀይር ምን ይሆናል፣ ይህን ቀን ብናዘገየው ስንት ይቀንሳል እያሉ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ይመስላል፣ ግን ሕጉ የሚጻፈው በዚያ ምልልስ ውስጥ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ሰው ሌላውን አንቱ ይለው ነበር። መልስ 10 ይህን ጨረሰችው።

ነርስ ናት። ቃላቷ አጫጭር ናቸው። እናንተ በግሥ ስትከራከሩ እኔ ካርድ ክፍል ደጃፍ ላይ ገንዘብ አጥታ የምትመለስ ነፍሰ ጡር አያለሁ አለች። እስከ መቼ ዓምድ እየሞላችሁ ትኖራላችሁ፣ ሕጉን አውጡት፣ ገንዘቡ ይፈለጋል ብላ ዘጋች። በአንድ ሰዓት ውስጥ ከሁሉም በላይ ላይክ ያገኘችው እሷ ናት።

መልስ 11 ኢኮኖሚስት ነኝ ባይ ነው። አንቺ ብሎ ጀመረ። ደጃፍ ላይ ያለችውን ሴት የሚያስመልሳት ገንዘብ የሌለው ተስፋ ነው አለ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ብሎ ተረተባት። ጤና ጣቢያው ከታካሚ የሚሰበስበው ገንዘብ መድኃኒት ይገዛበታል፣ ጄኔሬተር ይሞላበታል። ሕጉ ክፍያውን ሰርዞ ምትኩን ካልጻፈ፣ ካርዱ በነፃ ይሆንና መድኃኒቱ ከውጭ ግዢ ይባላል። ሐሳቡ ትክክል ነው። አነጋገሩ ግን አስቀያሚ ነበር፤ ስሜትና ሒሳብ አይዋወቁም የምትል ዓረፍተ ነገር ጨምሮበታል።

ነርሷ በመልስ 12 የመጣችው በቁጣ ይሆናል ብዬ ነበር። የመጣችው በኡጋንዳ ነው። ኡጋንዳ በ2001 በመንግሥት ጤና ተቋማት የተጠቃሚ ክፍያን ስታስቀር ወረፋው እንዴት እንደረዘመ አነሳች። ያ ሁሉ ሕዝብ ቤቱ ተኝቶ የቀረው ጤነኛ ሆኖ ሳይሆን ክፍያውን ፈርቶ ነው። ስለዚህ ለዛሬው ወጪ የምትሠሩት መነሻ ውሸት ነው አለችው። ዛሬ የሚመጣውን ሰው ቆጥራችሁ ታባዛላችሁ፣ ነገ የሚመጣውን ግን አታውቁትም።

እኔ ብሆን እዚህ ላይ ይቅርታ እጠይቅ ነበር። እሱ አልጠየቀም፤ ግን መልስ 13 ላይ ድምፁ ተለወጠ። ነጥቧን ተቀበለና ከራሱ ሙያ አጠናከረው። በአሜሪካ ከ1974 እስከ 1982 ራንድ የተባለው የምርምር ተቋም ባካሄደው ትልቅ የጤና መድን ሙከራ፣ ሕክምና ሙሉ በሙሉ በነፃ ያገኙት ሰዎች አብዛኛውን ከኪሳቸው ከሚከፍሉት ይልቅ ወጪያቸው በእጅጉ በልጧል። ከኪስ የሚከፈለው ድርሻ ከፍ ያለባቸው ሰዎች ወጪ በነፃ ከሚታከሙት 30 በመቶ ያህል ያነሰ ነበር። ዋጋ ሲቀየር ሰው ይቀየራል። ይህን ያላካተተ ግምት ገና ሲወለድ የተሳሳተ ነው ብሎ ጻፈ። አንቺ ማለቱን ግን አልተወም።

መልስ 14 ሁለቱን በሴራሊዮን አስታረቃቸው። ለዚህ ክር ከሴራሊዮን የበለጠ ቅርብ ምሳሌ የለም። በሚያዝያ 2010 የጀመሩት ነፃ ሕክምና ለነፍሰ ጡሮች፣ ለሚያጠቡ እናቶችና ከ5 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ነበር፤ የልጁ 12 ገጽ ማለት ነው። ከመጀመራቸው በፊት ግን የጤና ሠራተኛው ሥራ አቁሞ ነበርና ደመወዝ መጨመር ግድ ሆነ። ወረፋው በእጥፍ ሲያድግ የሚሠራው ያው ነርስ ነዋ! መልስ 14 ልጁን አንድ ነገር ጠየቀው። ኤክሴልህ ውስጥ የሰው ኃይል የሚል መስመር አለ? ልጁ መድኃኒትና አልጋ ብቻ ነበር ያሰበው።

ከመልስ 15 በኋላ የቁጥር ጦርነት ተነሳ። በፍጥነት ልለፈው፣ ግን አንድ ሁለቱ አይታለፉም።

አንዱ የኦባማ የጤና ሕግ ሽፋኑን ለማስፋት በአሥር ዓመት 938 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ነበር አለ። ሌላው ውሸት፣ የመንግሥትን የበጀት ጉድለት በ143 ቢሊዮን ይቀንሳል ነው የተባለው አለ። ስድብ ቀረሽ ስድስት መስመር ተለዋወጡ። መልስ 16 ሁለቱም ቁጥር ትክክል መሆኑን አሳየ። ሁለቱም የወጡት በመጋቢት 2010 ከዚያው ከኮንግረሱ የበጀት ቢሮ ነው። የመጀመሪያው የሽፋኑ ጥቅል ወጪ ነው። ሁለተኛው አዲሱ ግብርና ከሌላ ቦታ የተቀነሰው ወጪ ሁሉ ተቀናንሶ የተረፈው ነው። ጥቅልና የተጣራ ሳይለይ ቁጥር የሚወረውር ሰው ደመወዙን ሲጠየቅ ያልተጣራውን የሚናገር ሰው ነው አለ። ሳቅሁ።

ያው መልስ 16 ስለ ቀንም ጽፏል። ያ ሕግ የጸደቀው በ2010፣ ዋናው ሽፋን የጀመረው በ2014 ነው። የአሥር ዓመቱ መስኮት እስከ 2019 ነበር። ስለዚህ በአሥር ዓመት ግምት ውስጥ ሙሉ ወጪ ያለባቸው ዓመታት ስድስት ብቻ ናቸው። ሕጉ የሚጸናበት ጊዜ የምትለዋ የመጨረሻ አንቀጽ፣ ማንም የማያነባት፣ ግምቱን በግማሽ ልታወርደው ትችላለች። በዚያው ሕግ ውስጥ ክላስ የሚባል የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ነበር። መዋጮ ለአምስት ዓመት ይሰበሰባል፣ ጥቅሙ የሚከፈለው ከዚያ በኋላ ነው። በአሥር ዓመቱ መስኮት ውስጥ 70 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ትርፍ ያሳይ ነበር። ከመስኮቱ ውጭ ግን ራሱን እንደማይችል ሲታወቅ አንድም ሰው ሳይመዘገብበት በጥር 2013 ተሰረዘ።

መልስ 17 በ2003 ስለወጣው የሜዲኬር፣ ማለትም የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን፣ የመድኃኒት ሕግ ነው። የኮንግረሱ ቢሮ ግምት 395 ቢሊዮን ዶላር ነበር። የፕሬዚዳንቱ አስተዳደር የራሱ ግምት ግን 534 ቢሊዮን ነበር፤ ይፋ የሆነው ሕጉ ከተፈረመ በኋላ ነው። የሜዲኬር ዋና አክቹዋሪ (የመድን ሒሳብ ገማች) ሪቻርድ ፎስተር ቁጥሩን ለምክር ቤት አባላት ከሰጠ ሥራውን እንደሚያጣ ማስፈራሪያ ደርሶት ነበር። አስቂኙ ነገር፣ ዞሮ ዞሮ ትክክለኛው ወጪ ከሁለቱም በታች ሆነ። ጸሐፊው ከዚህ ምን እንደምንማር አልነገረንም። እኔም አልገባኝም፤ ቁጥር መደበቅ ግን ቁጥር ከመሳሳት የባሰ መሆኑ ይሰማኛል።

መልስ 18 ብሪታንያ ሄደ። ሐምሌ 5 ቀን 1948 ነፃው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ሲጀመር ሕዝቡ መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ፍለጋ ጎረፈ። ለዓመታት በጭፍን ሲያነብ፣ ያለጥርስ ሲያኝክ የኖረ ሰው ነው። ግምቱ አልቻለውም። በ1951 ለመነጽርና ለጥርስ ክፍያ ተጣለና አገልግሎቱን ያቋቋመው አኑሪን ቤቫን ከሥልጣኑ ለቀቀ። ነርሷ እዚህ ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች። ነገርኳችሁ የሚል ነው።

መልስ 19 የእኔ ነው። ዝም ማለት አልቻልኩም። በ1965 ሜዲኬር ሲመሠረት የሆስፒታሉ ክፍል በ1990 ወደ 9 ቢሊዮን ዶላር ይፈጃል ተብሎ ከ60 ቢሊዮን በላይ ሆነ፤ ግምት ማለት ይህ ነው ብዬ ጻፍኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ሻይ ላፈላ ተነሳሁ። ስመለስ መልስ 20 አፈር አስገብቶኛል። በመሀል ያለውን የዋጋ ንረት ረስተሃል አለኝ። በ1972 አካል ጉዳተኞችና ኩላሊታቸው የደከመ ሕሙማን በሌላ ሕግ እንደተጨመሩም ረስተሃል። የ1965ቱ ገማች የ1972ቱን ሕግ ከየት ያምጣው? ልክ ነው። ላይክ አድርጌለት ዝም አልኩ።

ከዚያ ክሩ መንገድ ሳተ። መልስ 21 የአቡጃን ስምምነት አነሳ። የአፍሪካ መሪዎች በ2001 ከበጀታቸው 15 በመቶውን ለጤና ሊመድቡ ቃል ገብተው የለም እንዴ፣ ገንዘቡ ከዚያ ይምጣ አለ። መልስ 22 ቃል ኪዳን አንቀጽ አይደለም አለው፤ የሚያስገድድ ግሥ የለውም። መልስ 23 ይህ ሁሉ ድካም ለምን፣ ቻትጂፒቲ በሁለት ደቂቃ ይጽፈዋል አለ። መልስ 24 ሞክሬው ነበር አለች። የሚያምር ረቂቅ ሰጣት። አንቀጽ 14 በአንቀጽ 37 በተደነገገው መሠረት ይላል። ረቂቁ ግን ያለቀው አንቀጽ 22 ላይ ነው። መልስ 25 ስለ ፊደል ቅርጽና ስለ መስመር ክፍተት ነው፤ ለምን እንደጻፈው እሱ ራሱ ያውቃል።

መልስ 26 ክሩን ወደ ቤቱ መለሰው። አርቃቂው ናቸው። ልጁ በሁለተኛ ሙከራው የመድኃኒት ስሞችንና የክፍያ መጠኖችን ሕጉ ውስጥ ዘርዝሮ ነበር። ይህን በአዋጅ አታስገባ አሉት። አዋጅ ለመቀየር ምክር ቤት መጠበቅ አለብህ፣ የመድኃኒት ዋጋ ግን ምክር ቤት አይጠብቅም። በአዋጁ ማን ይወስናል፣ በምን መስፈርት፣ በየስንት ጊዜው የሚለው ይግባ፤ ዝርዝሩ በመመሪያ ይውጣ። ምሳሌያቸው የአሜሪካ የሐኪሞች ክፍያ ቀመር ነው። በ1997 በሕግ ተጻፈ። ቀመሩ የሐኪሞችን ክፍያ በየዓመቱ ቁረጡ እያለ ሲያስቸግር ምክር ቤቱ ከ2003 ጀምሮ 17 ጊዜ አዘገየው። በ2015 ጨርሶ ተሰረዘ። በዚያ ሁሉ ዓመት ግምቶቹ ቅነሳው ይፈጸማል እያሉ ይሠሩ ነበር፣ ሕጉ እንዲያ ስለሚል። አልሸሹም ዞር አሉ ይሉታል እንዲህ ያለውን።

መልስ 27 የቃላት ነገር ከተነሳ ብሎ በስቴቱ የተቋቋመ የምትለዋን ሐረግ አነሳ። የኦባማው ሕግ የመድን ድጎማ የሚሰጠው በስቴቱ በተቋቋመ ገበያ ለገዙ ነው የምትል ሐረግ ነበረችበት። 34 ስቴቶች ደግሞ የሚጠቀሙት የፌዴራሉን ገበያ ነው። ነገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በሰኔ 2015 በ6 ለ3 ድምፅ ድጎማው ዳነ። የሚሊዮኖች ሕክምና በአንዲት ሐረግ ላይ ሲወዛወዝ ከረመ ማለት ነው። የወጪ ገማቾቹ ድጎማው ለሁሉም ነው ብለው ነበር የሠሩት። ያ ሥራቸው ሕጉ ምን ለማለት እንደፈለገ ሲከራከሩ እንደ ማስረጃ ተነስቷል። ይህቺን አላውቅም ነበር።

መልስ 28 አጭር ናት። ከመልስ 5 ጥያቄዎች የመጨረሻውን፣ የትኛው መንግሥት የሚለውን መለሰች። በደቡብ አፍሪካ የፋይናንስ አስተዳደር ሕግ አንቀጽ 35 አለ። በክፍለ ሀገራት ላይ አዲስ ሥራ የሚጭን ብሔራዊ ረቂቅ ሕግ የገንዘብ ጫናውን የሚያሳይ ማስታወሻ ተያይዞት መቅረብ አለበት። አለበለዚያ ላይ ያለው ሪባን ይቆርጣል፣ ታች ያለው ይከፍላል። ጋናም በ2003 የመድን ሕጓ ውስጥ የ2.5 በመቶ ግብር አብራ እንደጻፈች ጨመረች። ገንዘቡ የሚመጣበት አንቀጽ ከሚወጣበት አንቀጽ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ነው።

መልስ 29 የበጀቱ ሰው ነው። ለረጅም ጊዜ ጠፍቶ ነበር። ለካ ሲሠራ ነበር። ከጥያቄዎቹ አንዷን ብቻ ይዞ መጣ፤ ከወለደች በኋላ እስከ መቼ የምትለዋን። በዓመት 100 ሺህ እናቶች ይወልዳሉ እንበል አለ፣ ለሒሳብ እንዲመች። የድኅረ ወሊድ ጊዜ በዓለም ጤና ድርጅት አቆጣጠር 42 ቀን ነው። ድርጅቱ በ2013 ባወጣው ምክር መሠረት በዚህ ጊዜ አራት ምርመራ አለ፦ በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በሦስተኛው ቀን አካባቢ፣ በሁለተኛው ሳምንት እና በስድስተኛው ሳምንት። ሁሉም ቢመጡ 400 ሺህ ምርመራ ሆነ። አሁን ረቂቁ እስከ አንድ ዓመት ቢል፣ እያንዳንዷ በቀረው ጊዜ አምስቴ ብትመጣ እንኳ 900 ሺህ ይሆናል። አንዲት ሐረግ ምርመራውን ከእጥፍ በላይ አደረገችው። ግን ለማስፈራራት አይደለም ያመጣው። አሜሪካ በ2021 ባወጣችው ሕግ ስቴቶች የሜዲኬይድን፣ ማለትም የዝቅተኛ ገቢ ሰዎችን የመንግሥት ጤና መድን፣ የድኅረ ወሊድ ሽፋን ከ60 ቀን ወደ 12 ወር እንዲያራዝሙ ፈቅዳለች። የደም ግፊቱም ጭንቀቱም በ42ኛው ቀን አይጠፋምና። ምርጫው የእናንተ ነው፣ ዋጋው ይኸው አለ። ከታች አንዲት ተረት ጨመረ። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

መልስ 30 ላይ ልጁ ተመለሰ። አንቀጽ 5 አሁን ስድስት ንዑስ አንቀጾች አሉት። እርግዝናው በጤና ባለሙያ ከተረጋገጠበት ቀን ጀምሮ ከወለደች ወይም ጽንሱ ከወረደ በኋላ እስከ 42 ቀን ይላል። አገልግሎቱ በመመሪያ በሚወጣ ዝርዝር ነው። ተቋሙ ያጣው ገቢ በየሦስት ወሩ ይተካለታል። ግሡ «ይሸፍናል» ሆኖ ቀርቷል፤ ነርሷን አስቤ ነው ብሏል። ከጎኑ ሦስት ግምት አስቀምጧል፣ ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ። አለቆቹ አንድ ቁጥር ብቻ እንደሚፈልጉ ያውቃል። የሰው ኃይል የሚል መስመርም ገብቷል። ኢኮኖሚስቱ ላይክ አደረገ። ነርሷም።

አለቀ ብዬ ልዘጋው ስል መልስ 31 ገባ። አዲስ ሰው ነው፣ ከዚህ በፊት ያልጻፈ። 42ኛው ቀን ሲቆጠር የወለደችበት ቀን አንድ ተብሎ ይጀመራል ወይስ ከማግስቱ ነው? ከእኩለ ሌሊት አሥር ደቂቃ ሲቀረው የወለደችስ?

ይህን ስጽፍ እስካሁን የመለሰለት ሰው የለም። ግን ከአርቃቂው ስም አጠገብ አረንጓዴዋ ነጥብ በርታለች።